ሽርጡ የተፈታበት ቅዳሜ

ሩሃማ ረጅም ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ በጠጠሩ መንገድ ስትሮጥ ንጉሤ ከሩቅ አያት። እንዲህ ያለ ቀሚስ የለበሰች ሴት እንደማትሮጥ ለጎብኚ የምታስረዳው ራሷ ነበረች፤ በ1830ዎቹ ኮሎምበስ ጨዋ ሴት መንገድ ላይ ከሮጠች ወይ ቤት ተቃጥሏል ወይ ሰው ሞቷል ትላቸው ነበር። ስለዚህ ንጉሤ የጋለውን ብረት እሳቱ ውስጥ መልሶ፣ መዶሻውን ብረት መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አሳርፎ ጠበቃት።

«ዳዲ፣ መጥተዋል» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «የልዑልቃል ፓረንትስ። ፓርክ እያደረጉ ነው። ሰርፕራይዝ ላደርግህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

«እዚህ ድረስ? ምን ሊያደርጉ?»

«አንተን ሊያዩ ነዋ። ነገ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ሪሊ ማን እንደሆንክ እንዲያውቁ ፈልጌ ነው። ሽርጥህን እንዳታወልቅ፣ ኦኬ?»

ጉንጩን ሳመችው። ጥላሸቱ አፍንጫዋ ላይ ቀረ፤ ሳትጠርገው ወደ መግቢያው ተመልሳ ሮጠች።

ይህ የሆነው ኮሮና የሚባል ስም በማንም አፍ ሳይገባ፣ አምስት ወር ያህል ሲቀረው፣ በጥቅምት ወር የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። ቦታው ከኦሃዮዋ ከተማ ከኮሎምበስ መሐል ወደ ሰሜን፣ ሀይዌዩን ተጠግቶ የተሠራው የድሮው መንደር ነበር። መንደሩ ነዋሪ የለውም። ጥቂት የእንጨት ቤቶች፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ማተሚያ ቤትና አንድ ብረት ቤት አለው፤ በሳምንቱ መጨረሻ የዛሬ ሰዎች የጥንቱን ልብስ ለብሰው የጥንቱን ሥራ ለጎብኚ ይሠራሉ። በብረት ቤቱ የሚሠራው ንጉሤ ነበር። መንደሩ ለብርዱ ወራት ሊዘጋ ያን ቀን ብቻ ቀርቶት ነበርና ሰው ከወትሮው በዝቷል።

ሌላ አባት ቢሆን ደስታውን አይችለውም። ንጉሤ ግን ዓይኑን ወደ ጓሮው በር ጣለ።

በዚያ ዘመን የኮሎምበስ ሐበሻ የራሱ ማዕረግ ነበረው፤ እንደ ጥንቱ ደጃዝማችና ግራዝማች በነጋሪት ባይታወጅም ሁሉም ያውቀው ነበር። ስካነር ጨብጦ ዕቃ የሚለቅመው ከታች ነው። ከሱ ከፍ ብሎ ፎርክሊፍት የሚነዳ አለ፣ ከሱም ከፍ ብሎ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ «ሊድ» የሚባለው። ከመጋዘን ያመለጠ ታክሲ ይነዳል፤ ከታክሲ ያመለጠ ትልቁን ትራክ። ደብሊን በሚባለው የሀብታም ሰፈር ቤት ገዝቶ ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቢሮ የሚገባው ግን ከማዕረግም በላይ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሰው ሳይታወቀው ከወንበሩ ብድግ ይልለታል። የልዑልቃል አባት ጋሼ ጎሹ ከነዚህ አንዱ ነው። ሠላሳ ዓመት መሐንዲስ ሆኖ ሠርቷል፤ ባለቤቱ እትዬ እናናዬ ደግሞ በሐበሻው ማኅበር ውስጥ ያላስታረቀችው ጎረምሳና ያልዳረችው ሴት የለም ትባል ነበር።

ንጉሤ በሥራ ቀን የዕቃ ማድረሻ መኪና እንደሚነዳ ሁሉም ያውቃል። ቅዳሜና እሑድ የት ትጠፋለህ ሲሉት «ዌርሃውስ፣ ኦቨርታይም» ይላል፤ ሰውም «አይ ትጋት» ብሎ ያልፈዋል። መዶሻ እንደሚያነሳ የሚያውቁት ሚስቱ ዓለምወርቅና ልጁ ብቻ ነበሩ። ልጁም ብትሆን የምታውቀው ግማሹን ነው።

የማታውቀው ግማሽ ይኼ ነው። የንጉሤ አባት በሰሜን ሸዋ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ አያቱም፣ ቅድመ አያቱም። የዚያ አገር ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ሁሉ ከነሱ እሳት ይወጣ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ይዞ ይመጣና ደጅ ቆሞ ያሠራል፤ ጥም ቢያቃጥለው እንኳ ከቤታቸው ውኃ አይጠጣም። ድግስ ላይ ቀጥቃጭ የሚቀመጠው በር አጠገብ ነው። ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን እንኳ ሽበታሙን ቀጥቃጭ «አንተ» ይለዋል። ዓይናቸው ሰው ይበላል ስለሚባል የጎረቤት ልጅ ባተኮሰው ቁጥር ንጉሤና እናቱ በራቸውን ዘግተው ይቀመጡ ነበር። ሠራተኛን መስደብ በንጉሥ ዘመን በአዋጅ ተከለከለ፣ በአብዮቱ ዘመን እንደገና ተከለከለ። አዋጅ አፍን ይይዛል እንጂ ልብን የት ያገኘዋል። ከቀጥቃጭ ቤት ልጅ ማግባት ደግሞ እንኳን ሊደረግ ሊወራም አይገባም። ዓለምወርቅ የገበሬ ልጅ ናት፤ ንጉሤን ያገባች ጊዜ ዘመዶቿ በቁሟ ተዝካሯን አወጡ።

ንጉሤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ መርካቶ ገብቶ ብረታ ብረት ቤት ተቀጠረ። እዚያ ዘሩን የጠየቀው ስለሌለ ዝም አለ። ዲቪ ደርሶት ኮሎምበስ ሲመጣም ዝም እንዳለ መጣ፤ ሩሃማ እዚሁ ተወልዳ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላት ዝምታውም ሃያ ሦስት ዓመት ጨመረ።

ወደ ብረት ቤቱ ያስገባው አጋጣሚ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከሰል ሊያደርስ መጥቶ፣ ሊዮን የሚባል ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ሰንሰለት ለማያያዝ ሲታገል አየ። ሰውዬው ብረቱ ገና ቀይ እንዳለ ይደበድበዋል። ንጉሤ ጥቂት ታገሠ፤ ከዚያ አልቻለም። ጉጠቱን ከሊዮን እጅ ተቀብሎ፣ ወናፉን ረገጥ ረገጥ አድርጎ፣ ብረቱ ነጥቶ ብልጭታ እስኪተፋ ጠበቀና በሦስት ምት አያያዘው። አባቱ እንዳስተማሩት ነው የሠራው፤ አርባ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሠርቶ አያውቅም። ሩሃማ በዚያ መንደር አስጎብኚ ነበረችና ቆማ አየችው። «የት ተማርከው?» ስትለው «መርካቶ» አላት። የዚያን ቀን ነበር እውነቱን መናገር የነበረበት።

አሁን ጊዜ አልነበረውም። ጋሼ ጎሹ እዚህ መስፍ ላይ ቢያገኘው ነገ አንድም ሽማግሌ በራቸውን እንደማይረግጥ ንጉሤ እንደ ስሙ ያውቃል። ልጁ ልዑልቃልን ትወደዋለች፤ አራት ዓመት ሆናቸው። ሽርጡን ከወገቡ ፈታ። ለሊዮን መዶሻውን ሰጥቶ «ቴክ ኦቨር» አለውና በጓሮ በር ወጥቶ ከከሰሉ መጋዘን ጀርባ ቆመ።

ሰዎቹ ሲገቡ ኮቴያቸው ተሰማው። ከዚያም የልጁ ድምፅ ተሰማ፤ አባቷ ለአፍታ ወጣ ብሎ ይሆናል፣ አሁን ይመጣል አለችና እስኪመጣ ለእንግዶቿም ለሌላውም ጎብኚ የተለመደውን ንግግሯን ጀመረች። ንጉሤ ቃል በቃል ያውቀዋል። ጽፋ ስታነብለት፣ ሰርዛ ስትጽፈው፣ መኪና ውስጥ ስትለማመደው ሰምቶታል።

ይህች አገር ገና የእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት ሳለች፣ ትላለች ሩሃማ፣ ሰው እግዜር ባስቀመጠው ቦታ ይኖራል ተብሎ ይታመን ነበር። ጨዋ ማለት መዳፉ ያልሻከረ ሰው ነው፤ «ሚስተር» የሚባለው እሱ ብቻ ነው፤ ብረት ሠሪውን፣ ጫማ ሠሪውን፣ በርሜል ሠሪውን ሁሉም በስሙ ይጠራዋል። «የቆዳ ሽርጥ» ማለት ስድብ ነበር። ከፍ ልበል ያለ ሰው ትዕቢተኛ ይባላል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ሪፐብሊኩ ቆመ፤ አንድ ትውልድ እንኳ ሳያልፍ ነገሩ ተገለበጠ። ሽርጥ የለበሰው በበዓል ቀን በከተማው መሐል ተሰልፎ መሄድ ጀመረ። ሥራ ያስከብራል፣ የዛሬ ለማጅ የነገ ጌታ ነው ተባለ፤ እጁ ያልሻከረው በተራው ማፈር ጀመረ። ኮሎምበስ በተቆረቆረችበት ዘመን ሰው ሁሉ ይኼን እንደ ጸሎት ይደግመው ነበር። ግን ብዙም ሳይቆይ በቦይ በሚመጣ ጀልባ፣ ፋብሪካ የቆረጠው ሚስማር በበርሜል ይራገፍ ጀመር፤ ለማጁም ጌታ ሳይሆን በቅጥረኝነት አረጀ። ንግግሩ ሳይለወጥ መሰላሉ አጠረ።

ይኼን ካለች በኋላ ስለ ሞዝስ ትነግራቸዋለች። ሞዝስ አንድ ሰው አይደለም፤ ከብዙ የተቀዳደደ ወረቀት እሷና የመንደሩ ሰዎች አሰባስበው የፈጠሩት ነው። ቨርጂንያ በባርነት የተወለደ ብረት ሠሪ፣ በመዶሻው ባገኘው ገንዘብ ራሱን ከባርነት ገዝቶ የድንበሩን ወንዝ ተሻግሮ ኦሃዮ የገባ። እዚህም ሕጉ ለጥቁር ሰው ዋስ ጥራ፣ ወረቀት አምጣ ይለዋል። ሞዝስ ግን ብረት ቤቱን በከፈተ ቀን መጀመሪያ ያደረገው ስሙን በትልቁ ጽፎ ከበሩ በላይ መስቀል ነው። እዚህ ላይ ሩሃማ ሁልጊዜ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «ሞዝስን ሆኖ የሚሠራው አባቴ ነው» አለች በአማርኛ፣ ለእንግዶቿ። «አይ አም ሶ ፕራውድ ኦፍ ሂም።»

ዝም ተባለ። ንጉሤ ዝምታውን ከመጋዘኑ ጀርባ ሆኖ አወቀው። ልጅ ሳለ የሚያውቀው ዝምታ ነው።

«አባትሽ?» አለች እትዬ እናናዬ። «ይኼን ነው የሚሠራው? ብረት?»

«የስ። ሂ ኢዝ ዘ ቤስት።»

«የት ለምዶት ነው እቴ?»

ሩሃማ መልሱን ሳትጨርስ ንጉሤ ከመጋዘኑ ጀርባ ወጣ። ቢጫውን የሥራ ሰደርያ ደርቧል፣ ከሰል የሞላ ከረጢት ትከሻው ላይ አድርጓል። አሁን ከመኪና የወረደ ሰው መስሎ ከረጢቱን ደጃፉ ላይ ጣለ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። ጋሼ ጎሹ ኮቱን ለብሶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ፣ እሳቱንም ሰውዬውንም እያፈራረቀ ያያል። ልዑልቃል ከአባቱ ጎን ቆሞ ፈገግ ብሏል፤ ረጅም ልጅ ነው፣ ቅን ነው፤ አማርኛው ከሰላምታ አያልፍም።

ንጉሤም፣ ልጅ ናት፣ አጋነነችው አላቸው። እሱ ከሰል ነው የሚያመጣው። ፈረንጆቹ ጥቁር ሰው አስፈልጓቸው አንዳንዴ ሽርጥ አልብሰው ፎቶ ያነሱታል፤ እሷም ይኼን አይታ ነው። ሥራው ያው የምታውቁት ነው፣ ዕቃ ማድረስና ዌርሃውስ። ይኼን ሁሉ ሲናገር ልጁን አላያትም።

ጋሼ ጎሹ ትንፋሹን ለቀቀው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደግ ሰው የሚስቀውን ሳቅ ነው የሳቀው። «እኛማ ደንግጠን ነበር፣ አቶ ንጉሤ። እናናዬማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ልትጥል ምንም አልቀራት። እኔ ልጅ ሆኜ ማረሻ ላሳል ስላክ እናቴ ኪሴ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ሳትከት አትሰደኝም ነበር፤ ቀጥቃጩ በዓይኑ እንዳይበላኝ።»

ንጉሤም ሳቀ። ከሁሉም አስበልጦ ሳቀ። «የኔም እናት እንደዚያው ነበሩ» አለ።

የሱ እናት ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ አባቱ ሲሠሩ ወናፉን የሚረግጡት እሳቸው ነበሩ። ይኼን ሲናገር ፊታቸው መጣበት፤ ሳቁን ግን ማቆም አልቻለም።

ሊዮን ከመስፉ ወዲያ ማዶ ቆሞ ነገሩ ገባውም አልገባው «ዊ ዉድ ቢ ሎስት ዊዝአውት ሂም» ብሎ ጀመረ። ንጉሤ ቀና ብሎ አየው። አሮጌው ሰውዬ የጀመረውን ዋጠና ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ። ልዑልቃል የሳቁ ምክንያት ስላልገባው «ዋትስ ፈኒ?» አለ፤ የተረጎመለት የለም። ሩሃማም አልሳቀችም። ጎብኚ አንድ ዓመተ ምሕረት ቢሳሳት ሳታርም የማታልፍ ልጅ፣ አባቷን ከላይ እስከ ታች አየችውና ምንም አላለችም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጋሼ ጎሹ ነገ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡ አረጋግጦ ሄደ።

ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሲመለሱ ሩሃማ የመንደሩን ቀሚስ እንደለበሰች መኪናው ውስጥ ተቀመጠች። ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው የተናገረችው።

«ዳዲ፣ ቀጥቃጭ ምንድን ነው?»

መጀመሪያ ትርጉሙን ብቻ ነገራት። ከዚያ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ሁሉም ወጣ፤ ደጅ ቆመው ስለሚያሠሩት ገበሬዎች፣ በር አጠገብ ስለሚቀመጡት አባቱ፣ ስለ እናቷ ተዝካር። እሱ በአማርኛ እየተናገረ፣ አንዳንዱን ቃል በእንግሊዝኛ እየፈለገ ሲያጣው፣ እሷ በመስኮቱ ውጪውን ታያለች።

«ሶ ነጭ ሽንኩርቱ ግራንድፓን ፈርተው ነው?»

«እንደ ግራንድፓ ያሉትን።»

«የኔም እናት ያልከውስ?»

«ውሸቴን ነው።»

መብራት ያዛቸው። ወደ እሱ ዞረች። «እኔም ነኝ?»

«አንቺ አሜሪካዊት ነሽ።»

«ዛት ኢዝ ኖት ዋት አይ አስክድ።»

አረንጓዴው በርቶ የኋላው መኪና ጥሩምባ ሲነፋበት ንጉሤ መኪናውን አንቀሳቀሰ። ሲሄዱ ነው ቀስ ብላ፣ ያለ ቁጣ የተናገረችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ምን ስል እንደነበር ሰምተሃል። አጠገቤ ቆመህ። አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን፣ አልነገርከኝም።»

«እንዳታፍሪ ብዬ ነው፣ ልጄ። ይኼ ነገር አንቺ ዘንድ እንዳይደርስ ብዬ ነው።»

«አልነበረኝማ። ማፈሩ። ዛሬ አንተ ስትስቅ ነው የመጣው።»

ንጉሤን በዕድሜው ብዙ ሰው ሰድቦታል። እንደዚህ የገባበት ቃል ግን አልነበረም። መኪናውን ቤታቸው ደጃፍ አቁሞ ሞተሩን አጠፋና ነገ ለሽማግሌዎቹ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አላት። ትምላለህ ብላ እንኳ አልጠየቀችውም፤ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች።

ንጉሤ ሲነግራት ዓለምወርቅ የምትልጠውን ሽንኩርት አስቀመጠች። የተቆጣችው በመናገሩ አልነበረም። «ዛሬ ነው የታየህ?» አለችው። «እኔ እኮ ያኔውኑ እንናገር ብዬሃለሁ፤ ኪዳነ ምሕረት ትመስክር። አባቴን፣ እናቴን፣ እህቶቼን አንተን ብዬ ተውኩ፤ እኔ ያላፈርኩብህን አንተ አፈርክበት።» ጥቂት ቆይታ ግን የነገ ሸሚዙን ተኮሰችለት። ንጉሤ ያን ቀን የመጀመሪያውን እንባ ያወጣው ሸሚዙን ስትተኩስ አይቶ ነው።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ጋሼ ጁነዲን ነበሩ። እምነታቸው ሌላ ቢሆንም ኮሎምበስ ውስጥ እሳቸው ያልመሩት ሽምግልና አይሰምርም ይባል ነበርና ክርስቲያኑም እስላሙም ይለምናቸዋል። ቁጭ በሉ ሲባሉ በወጉ መሠረት የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ፤ ንጉሤም በወጉ መሠረት ለመናቸው፤ ጥቂት ተግደርድረው ተቀመጡ። በድሮው ሥርዓት ልጅቱ አትታይም። ሩሃማ ግን ከእናቷ ጋር ከጓዳ መጥታ ከሶፋው ዳር ተቀመጠች፤ ጋሼ ጁነዲንም የአሜሪካ ልጅ ናት ብለው ፈገግ አሉላት።

ነገሩን በሚገባ አቀረቡት። ጎሹና እናናዬ ልጃችሁን ለልጃቸው ለልዑልቃል ይሻሉ፤ ልጆቹም ተዋደዋል፤ የቀረው የእናንተ ቃል ነው። ንጉሤ ደስታችን ነው ለማለት አፉን ሲከፍት ጋሼ ጁነዲን መዳፋቸውን አንሥተው አቆሙትና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ የታዘዝኩት ጥያቄ አለ፣ ንጉሤ። እኔ ብሆን አልጠይቅም፤ ግን አደራ ነው። ትናንት ጎሹ ከአንተ ዘንድ ስቆ ሄደ፤ ቤቱ ሲገባ ግን ነገሩ ከነከነው፤ እናናዬም አላስተኛችው። አባትህ ምን ነበሩ? ሥራቸው?»

ዓለምወርቅ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ባሏን አየችው፤ በዓይኗ አይዞህ አለችው። ንጉሤ ሌሊቱን ሙሉ የደረደረው ቃል ነበረው። አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ፣ የናንተ አባቶች የበሉት እህል ሁሉ በሳቸው ማረሻ ታርሷል ሊል ነው። ከወንበሩ ተነሣ፤ ይኼን ቁጭ ብሎ መናገር አልፈለገም። የአባቱን ስም ሊጠራ ከንፈሩን አላቀቀ።

«ገበሬ ነበሩ» አለች ሩሃማ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«አያቴ ገበሬ ነበሩ» አለች እንደገና፣ እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣች። «ሁለት በሬ ነበራቸው። አባቴ ነግሮኛል።»

«ቆመህ ቀረህ እኮ፣ ንጉሤ» አሉ ጋሼ ጁነዲን። «እንዲህ ነው?»

ንጉሤ ልጁን አየ። እሷ ጋሼ ጁነዲንን ነው የምታየው። አይደለም ቢል ትናንት በወደፊት አማቾቿ ፊት ውሸታም እንዳደረጋት ዛሬም በሽማግሌ ፊት ውሸታም ሊያደርጋት ነው። ተመልሶ ተቀመጠ።

«እንዲህ ነው» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ፊታቸውም ፈታ አለ። ጋሼ ጁነዲን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ቤቱን ይባርከው፣ ጎጇቸውን ያሙቀው፣ ከሁለቱ የሚወለደው ዘሩን የሚያኮራ ይሁን አሉ። ዓለምወርቅ አሜን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ሽማግሌዎቹ የእናት ደስታ ነው ብለው አለፉት። ንጉሤም አሜን አለ።

የቀረበውን ቀምሰው፣ ለቀለበቱ ቀን ቆርጠው ሄዱ። መኪናቸው ከመንገዱ እስኪጠፋ ንጉሤ በሩ ላይ ቆሞ እጁን አወዛወዘ። ሲመለስ ሩሃማ ለእንግዶቹ ሲባል የተጎተቱትን ወንበሮች ብቻዋን ወደ ቦታቸው እየመለሰች ነበር።

«ልናገር ነበር እኮ» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። «ለዛ ነው የቀደምኩህ።»

ለእሱ ብላ ይሁን ለልዑልቃል ብላ ሊጠይቃት ፈለገ፤ መልሱን ፈራና ተወው። ልጁን ከዚህ ነገር ለማዳን ነበር ዕድሜውን ሙሉ የዋሸው፤ እሷ ግን አንድ ቀን ብቻ አይታው ከሱ አሳምራ ዋሸች። ሩሃማ ትልቁን ሶፋ በአንድ በኩል ይዛ ለመግፋት ስትታገል አየና ሄዶ በሌላው በኩል ያዘላት።